አንገቴ ላይ ያበጠው

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን እንደያዝኩ፣ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ሳጣፋ ጣቴ እብጠት ነካ። ትንሽ ናት፤ ምራቄን ስውጥ ከፍ ዝቅ ትላለች። ባለሁበት ቁጭ አልኩ።

እንቅርት በእኛ በላስታ ደጋ ብርቅ አይደለም። እናቴም እህቴም አለባቸው። እኔን ያስደነገጠኝ የእህቴ ልጅ ነገር ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፤ አትሰማም፣ አትናገርም፣ ቁመቷም የአራት ዓመት ልጅ ቢያክል ነው። ሰው «የእግዜር ቁጣ ነው» ሲል እህቴ አቀርቅራ ትሰማለች።

ባለቤቴ ቄስ ናቸው፤ አንቱ ነው የምላቸው። ለእሳቸው እንኳ ሳልናገር አንገቴን ሸፍኜ ሰነበትኩ። አንድ ቀን እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች።

«ነጠላውን እስቲ ገለጥ አድርጊው።»

«በርዶኝ ነው፣ እማዬ።»

ራሷ ገልጣ ዳሰሰችኝ።

«እህትሽም ልጇን ስታረግዝ እንዲሁ ነበረች» አለች።

በማግስቱ ለባለቤቴ ነገርኳቸውና ሁለት ሰዓት በእግራችን ተጉዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። አዋላጇ ልጅ እግር ናት። አንገቴን ዳበሰችና «ጨው ከየት ነው የምትገዙት?» አለችኝ።

የቀለደችብኝ መሰለኝ። «ከገበያ፣ በጣሳ የሚሰፈረውን። አጥቤ ነው የምወቅጠው።»

«እህትሽስ?»

«እሷም ያንኑ።»

አዮዲን ስለሚባል ነገር ነገረችን። ለሰውነት የሚበቃው እጅግ ጥቂት ነው አለች፤ እሱ ሲያንስ አንገት ያብጣል፤ የፅንሱ አእምሮና ጆሮ ግን ያለ እሱ በደንብ አያድግም። የደጋውን አፈር ዝናብ ስለሚያጥበው በእህላችን ውስጥ አይገኝም። በፋብሪካ ጨው ላይ የሚጨመረውም ለዚህ ነው።

«ቁጣ ነው ሲሉ የኖሩት…» አሉ ባለቤቴ።

«የልጄ ጆሮስ? አልፎበታል?» አልኳት።

«ቀድመሽ ብትመጪ ጥሩ ነበር። አሁንም ይጠቅማል፤ ምንም አይሆንም ብዬ ግን ልምልልሽ አልችልም።»

የታሸገውን ጨው ግዙ አለችንና ለደም ማነስ የሚሆን የብረት ኪኒን ጨምራ ሰጠችኝ። ባለቤቴ ኩልመስክ ከተማ ወርደው የታሸገ ጨው ገዙ። እሷ እንዳለችው አዮዲኑ እንዳይተን ወጡን ካወጣሁ በኋላ እየጨመርኩ፣ ጨውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጥ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ጓሮ ወጥቼ ሰገራዬን ባየው እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ጮህኩ። ባለቤቴ ሮጠው መጡ።

«ልጁ ሆዴ ውስጥ እየሞተ ነው!» አልኳቸው።

በበቅሎ ጭነው መልሰው ወሰዱኝ። አዋላጇ ሰምታ ግንባሯን ያዘች። «ኪኒኑ ነው እህቴ፣ ያጠቁራል። ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው፣ ይቅር በይኝ።» ኪኒኑን መዋጤን ቀጠልኩ።

ሴት ልጅ በሰላም ተገላገልኩ። አለቀሰች፤ እንደምትሰማ ግን አላመንኩም። የእህቴም ልጅ ስትወለድ አልቅሳለች። ባጨበጭብ አንዳንዴ ዓይኗን ታርገበግባለች፣ አንዳንዴ ዝም። ክርስትናዋ ሳይደርስ አንድ ጠዋት፣ እህቴ ልጇን ይዛ አጠገቤ እንደተቀመጠች፣ የባለቤቴ መቋሚያ ከግድግዳው ተንሸራቶ የብረት ሳህን ላይ ወደቀ። ሕፃኗ በርግጋ እሪ አለች።

«እስቲ ደግመው ይጣሉት!» አልኳቸው በር ላይ ለነበሩት ባለቤቴ።

ደገሙት። አሁንም በረገገች።

የእህቴ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታን በገለባ ትጫወት ነበር፤ ዞርም አላለች። እህቴ «ልጅሽ ሰምታለች» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጄን እቅፏ ውስጥ አስቀመጥኩላት።