ስምንት ዓመት ያረጀሁበት ሰኔ

የእህቴ ልጅ ሜሮን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ለባካሎሬያ፣ ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናዋ፣ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ትናንት ከምሳ በኋላ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና «በዚህ ቤት ማጥናት አይቻልም!» ብላ ፍራሹ ላይ ተዘረረች። መብራት ሄዷል፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ ጎረቤታችን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳ ያስፈርሳል። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ከትምህርት ቤት በስልክ የተላከላቸውን ምክርም አነበበችልኝ፤ በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ስትጨነቁ በጥልቀት ተንፍሱ ይላል። በሰኔ ጅቡቲ ላይ በጥልቀት የተነፈሰ ሰው የሚያገኘው አቧራ መሆኑን የጻፈው ሰው የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ተናደድኩ። ልጅቷ ላይ ጮህኩ ማለት ይሻላል። ኋላ ላይ ብቻዬን ስሆን ግን እንደዚያ ያንገበገበኝ የሷ ስንፍና እንዳልሆነ ገባኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ፣ በዚሁ ወር፣ እንደዚሁ ተዘርሬ ነበር። ያኔ ምክንያቴ ከሷ ይበልጥ ጠንካራ ነበር፤ ማኅተም ያለው ምክንያት ነበረኝ።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር፤ እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንና ታናሽ እህቴን ያሳደገን እሱ ነው። በዚያ ዓመት ጡረታው ደርሶ ክረምቱን ድሬዳዋ ልንገባ ተወስኖ ነበር። ፈተናውን ካለፍኩ አክስቴ ቤት ቀርቼ መምህርት ለመሆን እማራለሁ፤ ከወደቅኩ ዕቃዬን ጠቅልዬ እከተላለሁ። «ለከርሞ እደግመዋለሁ» የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ቢሮው አስጠራኝ። ፊቱ ሁለት ወረቀት ዘርግቷል።

«በእኛ መዝገብ አሥራ ስምንት ዓመትሽ ነው» አለኝ። «አባትሽ ባመጣው የልደት ወረቀት ደግሞ ሃያ ስድስት። ማድሟዜል፣ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። ይህ ካልተስተካከለ ፈተና አዳራሽ አትገቢም።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የልደት ወረቀቱ የወጣው ከክርስትና ወረቀቴ ተተርጉሞ ነው፤ የክርስትና ወረቀቱ ላይ ያለው የእኛ ዓመት ነው፤ ወደ ፈረንጅ ሳይቀየር እንዳለ ተገልብጧል። አንድ ሰው ረስቶ ስምንት ዓመት አስረጅቶኛል። ማታ አባቴ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት።

«የተወለድሽበት ዓመት ነው የተጻፈው። ምን ጎደለው?»

«የእኛ አቆጣጠር ነዋ አባባ! ፈረንጆቹ በስምንት ዓመት ይቀድሙናል።»

«ይቅደሙ። ማን ያዛቸው?»

በዚህ ተዘጋ። በማግስቱ ትርጉሙን ወደሠሩት ወደ ጋሽ ኃይሉ ሄድኩ። ቤታቸው ከከተማው ዳር ባልባላ ውስጥ፣ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ተጣብቤ ተቀምጬ የምላቸውን ስለማመድ ሄድኩ፤ እንዴት እንደዚህ ያለ ነገር ይረሳሉ ልላቸው። ሽማግሌው አዳመጡኝና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔማ ቀይሬው ነበር ልጄ። አባትሽ ናቸው ‹አንተ ማነህና የደብሩን ማኅተም የምታርም› ብለው ያስመለሱኝ። አሁንም እሳቸው ራሳቸው ቀርበው ‹ተሳስቻለሁ› ካላሉ ማንም አይነካልሽም።»

አባቴ «ተሳስቻለሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ብሎን ሳያጠብቅ ቢተው እንኳ «ላልቷል» ነበር የሚለው፤ ብሎኑ በራሱ ፈቃድ የላላ ይመስል። ስለዚህ እሱን ትቼ ብቻዬን ልጨርሰው ተነሳሁ። በየጠዋቱ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ካሉት የመንግሥት ቢሮዎች አንዱ በር ላይ እሰለፋለሁ። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይልከኛል፣ ሁለተኛው «አባትሽ የታለ?» ይለኛል። እኩለ ቀን ሲቃረብ የዕለቱን ጫት ይዘው የሚገቡት መኪኖች ጥሩምባ ከሩቅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ጸሐፊውም ዘበኛውም ሰዓቱን ያያል፣ በሩ ይዘጋል። የሐዋርያት ጾም ስለነበር በቴምር የበላሁት ዳቦ ሆዴ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ፣ ከምድረ በዳ የሚመጣው ነፋስ ፊቴን እየለበለበኝ በእግሬ ወደ ቤት እመለሳለሁ። የሒሳብ ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አላወጣሁትም።

ቤት ስገባ እህቴ ተኝታለች፣ አባቴ ሥራ ላይ ነው፣ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። እኔ ምንጣፉ ላይ ተንጋልዬ እናደዳለሁ። በአባቴ፣ በዳይሬክተሩ፣ በጸሐፊዎቹ፣ ዓመትን ሁለት ዓይነት ባደረገው ሰው ሁሉ እናደዳለሁ። ጓደኞቼ ጥናት ሲጠሩኝ «እኔ ምን አባቴ አጠናለሁ? መግባቴ ሳይታወቅ!» እላቸዋለሁ። ሁሉም ያዝኑልኛል። ደግሞም ልክ ነበርኩ፤ ማን ይከራከረኛል?

ሳምንት ሲቀረው፣ አባቴ እራት እየበላ ሳለ «ጥናቱ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጊዜ ገነፈልኩ።

«የምን ጥናት? አንተ ላለመሳሳት ስትል እኔ ልቅር ወይ? ስምንት ዓመቴን ውሰደው፣ ማኅተምህን ሳመው!»

እንዲህ ባለ አፍ ተናግሬው አላውቅም። በጥፊ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠና እጁን ታጠበ።

በማግስቱ ጠዋት ለሠርግና ለልቅሶ ብቻ የሚለብሳትን ወፍራም ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በዚያ ሙቀት! አብረን ወደ ቢሮው ሄድን። ጸሐፊው ልጁ ሊሆን የሚችል ሶማሌ ወጣት ነው፤ ግን ጨዋ ነበር።

«አዴር፣ ምን ልርዳህ?» አለው፤ አጎቴ እንደማለት ነው።

አባቴ በባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛው «ስህተቱ የእኔ ነው» አለ። ጸሐፊው መጻፍ ስላለበት እንደገና እንዲናገር ጠየቀው። «ስህተቱ የእኔ ነው። አስተርጓሚው ልክ ነበር፣ እኔ አስቀየርኩት። ልጄ ምንም አላጠፋችም።» ሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅም ያንኑ ደገመው። ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ ይሰማል። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሙሉው እርማት እስኪወጣ ለፈተናው የሚያገለግል ማረጋገጫ ሰጡን። ደጅ ስንወጣ ላቡ ኮቱን አልፎ ጀርባው ላይ ይታያል፤ ፊቱ ግን ሙሽራ የሸኘ አባት መስሏል። ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠና «በይ እንግዲህ፣ የእኔን ጨረስኩ፤ አንቺ ደግሞ የራስሽን!» አለኝ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደነገጥኩ። ወረቀቱን ይዤ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ለሁለት ሳምንት ከራሴ የደበቅኩትን ነገር አየሁት፤ እንዲስተካከል አልፈልግም ነበር። ሒሳቡ ከገና ጀምሮ አልገባኝም። ፍልስፍናውን ስከፍተው ፊደሉ ይዋኝብኛል። መውደቅን እንደ ሞት ፈርቼ ነበር፤ የተሳሳተው ወረቀት ደግሞ ሳልፈተን የምቀርበት፣ ማንም «ወደቀች» የማይለኝ በር ነበር። ጠዋት ጠዋት በየቢሮው የተሰለፍኩት እንደሚመልሱኝ እያወቅኩ ነው። ከሰዓት በኋላው ሁሉ፣ ያ ሁሉ ጸጥታ፣ የእኔ ነበር፤ በንዴት ጨረስኩት። ንዴት ከሒሳብ ይቀላል።

ተፈተንኩ፤ ወደቅኩ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ስሜን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁት። አባቴ ደጅ ይጠብቀኝ ነበርና ፊቴን አይቶ ገባው። አቅፎኝ «እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንትሽን በግትርነቴ በላሁት» አለኝ። አሁን ንገሪው፣ አሁን ንገሪው የሚል ነገር ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። እኔ ግን እያለቀስኩ ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ አንተ ነህ እንደማለት።

ድሬዳዋ ገባን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ትዳር መልሶ እዚህ አመጣኝ፤ ሱቅ ከፈትኩ፣ ኑሮዬ ክፉ አልሆነም። ድሬዳዋ ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ግን እንግዳ ሲመጣ አባቴ አንድ ነገር ሳይናገር አይቀርም ነበር፤ «ይቺ ልጅ መምህርት ትሆን ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቀረኋት።» ያ ተሳስቻለሁ ማለት የማያውቅ ሰው! እንግዳው ወደ እኔ ሲያይ እኔ ምግብ ላቅርብ ብዬ እነሳ ነበር። እርግጥ ጥፋት ነበረበት፤ የእሱ ጥፋት ግን እዚያች ቢሮ ውስጥ፣ ሕዝብ ፊት፣ ሦስት ጊዜ ተናግሮ ጨርሶታል። የቀረው የእኔ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለሜሮን ይህን ሁሉ ነገርኳት። ምክር ልሰጣት አስቤ አልነበረም፤ ስለጮህኩባት ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር ወጣ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አያቴ ግን አወቀ?» አለችኝ።

«አላወቀም።»

«ለምን አልነገርሽውም? አይቆጣሽም ነበርኮ።»

አይቆጣኝም ነበር። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ስቆ፣ ሁለት ሻይ አስቀድቶ፣ ቀሪ ዕድሜውን ቀለል ብሎት ይኖር ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ላወርድለት የምችለውን ሸክም መቃብር ድረስ አሸክሜ ሰደድኩት።