የእትዬ ብርቄ ምስክሮች

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የማር ንግድ የኢንተርኔት አድራሻ ላስመዘግብ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። መታወቂያዎን ያሳዩ አለኝ፤ አሳየሁ። ፊትዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ፣ አሁን ወደ ግራ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለስልክ ስታዘዝ ያየችኝ ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች። ደቂቃ ሳይሞላ ማንነቴ መረጋገጡን ነገረኝ። እኔ ግን በሐሳብ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ወሎ ውስጥ ኢንተርኔት የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም ነበር። ኮምቦልቻ ስወርድ የማርፈው እትዬ ብርቄ ፔንሲዮን ነው። ሟች ባሏ በሠራው ቤት ስድስት አልጋ ዘርግታ ትተዳደራለች። ጠዋት የምታቀርበው ጨጨብሳ፣ ቅቤው ከጣት እስከ ክርን የሚወርድ፣ ዛሬም አፌን ውኃ ይሞላዋል። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ፔንሲዮኑ የራሱ አድራሻ ካለው ቱሪስቶቹን ሁሉ እንደሚልክላት ቃል ገባላት። ምን ገዶኝ ብዬ አድራሻው «ብርቄ» እንዲባል በእሷው ስም ቅጹን ሞልቼ ላክሁላት።

ረቡዕ ዕለት ከመዝጋቢው ቢሮ ተደወለ። አመልካቿ ብርቄ ነኝ ትላለች፣ የመታወቂያው ኮፒ ደግሞ ዘይነባ ይላል። ስሙን አዲስ አበባ ያለ ምግብ ቤትም ስለጠየቀ፣ ብርቄና ዘይነባ አንድ ሰው መሆናቸውን ቀበሌ እስከ ዓርብ ካላረጋገጠ ለዚያኛው ይሰጣል። ጉድ ፈላ! መታወቂያዋን ሳላነብ የሞላሁት እኔው ነኝ።

ቀበሌ ሦስት ምስክር አምጡ አለን። ምስክር ምን ይጠፋል፤ ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ነገር ግን ዘይነባ የምትባል ሴት የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድም አልተገኘም። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ብርቄ ያሏትም አማቷ እመት ፋጡማ ናቸው። ሁለቱንም ስም የሚያውቁት እሳቸውና ሠርጉ ላይ የነበሩ ጎረቤቶቻቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ የልጄን ቤት የመንገደኛ ማደሪያ አደረገችው ብለው ተቀይመው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ከሚኖሩበት ከገራዶ ወርደው ደጇን አልረገጡም።

«እሳቸውን ከምለምን ስሙ ይቅርብኝ» አለችኝ እትዬ ብርቄ። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር፤ አንጀቴን በላችው።

ሐሙስ ሳልነግራት በሚኒባስ ሽቅብ ወጣሁ። ደሴ በጉም ተሸፍና ጥርሴን አንቀጫቀጨችኝ። ገራዶ ስደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ጥቅምት ስለነበር ማሳው ሁሉ የባቄላ እሸት ነው። እመት ፋጡማ ደጃቸው ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ አገኘኋቸው። እርጎ አቀረቡልኝና የመጣሁበትን ሁሉ እየፈለፈሉ ሰሙኝ። ኢንተርኔት ምንድን ነው ሲሉኝ፣ አገር ሁሉ የሚያነበው የበር ላይ ስም ነው አልኳቸው።

«ታዲያ ለዚያ ለአዲስ አበባው ስሙን ማን አወጣለት?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ። ወደ ባቄላቸው ተመለሱ። እኔም አፍሬ ተመለስኩ።

ዓርብ ጠዋት ቀበሌው ሲከፈት ሦስት አሮጊቶች ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው እመት ፋጡማ፣ እቅፋቸው ውስጥ እሸት። እትዬ ብርቄ ስታያቸው ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው አንስተው ሳሟትና ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ዘይነባ ሆና ገባች፤ ብርቄ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄ እስኪሞት የጠራት በዚህ ነው። ወላሂ ለሌላ ሰው አትሰጡብኝም፤ ጻፍ!»

ጸሐፊው ጻፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈ፣ እኔም እየሮጥኩ በፋክስ ላክሁት። ስሙ ተመዘገበልን። የዚያን ቀን ፔንሲዮኑ ውስጥ የነበረው እልልታ የሠርግ ያህል ነበር። እመት ፋጡማ ልሂድ ሲሉ ብርቄ አንዱን ክፍል ከፍታ ቁልፉን ሰጠቻቸው፤ እስኪሞቱ ድረስም ከዚያ ቤት አልወጡም።

የዛሬው ስልክ ጎበዝ ነው፤ እሰየው፣ ድካም ቀርቷል። ያኔ እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖረኝ ቅጹን አላበላሽም ነበር፤ አማትና ምራትም እንደተኳረፉ ይቀሩ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፤ የምኮራው ግን በዚያ ቅጽ ብቻ ነው።