ነጩ ጨርቅ

በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሆነና የካ ያለው ወፍጮአችን ቆመ። ሰፈርተኛው እህሉን ተሸክሞ እስከ ሾላ መውረድ ጀመረ። ያኔ ነው እኔ ጉረኛው፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሻለሁ ብዬ፣ "ሞተሩን በእንጨት አስነሳዋለሁ" ያልኩት። ወፍጮውን የሚያሠሩት ሽማግሌ ሳቁብኝ። "መሐንዲሱ ሞተሩን ባህር ዛፍ ሊያጠጣው ነው!" አሉ። ቢሆንም ከእንጦጦ የወረደውን እንጨት አብረውኝ ፈለጡ።

እንጨት በተዘጋ በርሜል ውስጥ አየር እያነሰው ሲቃጠል የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ሞተሩ የሚሄደው በዚያ ነው። መከራው ከእንጨቱ የሚወጣው ጥቁር ቅጥራን ነበር። ከጋዙ ጋር ይመጣና ቫልቩን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። በውሃ አሳለፍነው፣ በጭድ አጣራነው፤ ወይ ፍንክች! ሽታው ደግሞ አይጣል ነው። ሞተሩ እስኪነሳ ጋዙን የሚገፋውን ማራገቢያ በእጅ ስናዞር፣ ጋዙ ለፍተሻ በተውነው ቧንቧ ወደ ቤቱ ይወጣል፤ በሩን በርግደን እንኳ እያሳልን ነበር የምንሠራው። ጎረቤቱ "እዚያ ቤት የሆነ ነገር አለ" እያለ መንገድ ይቀይር ጀመር።

በመጨረሻ ጋዙን በጋለ ከሰል መሃል አሳለፍኩት። ቅጥራኑን የምንፈትሸው በነጭ ጨርቅ ነበር፤ ቧንቧው አፍ ላይ ስንይዘው ሁሌ ጠቁሮ ይመለሳል። ያን ቀን ከሰዓት ሽማግሌው ጨርቁን ያዙት፣ ገለበጡት፣ አሸተቱት። ነጭ ነው። ምንም አይሸትም። "እሰይ የኔ ልጅ!" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ውጭ ካፊያ ነበር፤ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከሰል ላመጣ ስወጣ ሽማግሌው ማራገቢያውን እያዞሩ፣ "በሩን ዝጋው እባክህ፣ ብርዱ ሊገድለኝ ነው" አሉኝ። አመነታሁ።

"ምን ትፈራለህ? የቤቱስ ከሰል ሽታው ሲለቅ አይደል እንዴ የሚገባው?"

እውነታቸውን ነው አልኩ። እኛም ቤት ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፣ ሽታው ሲያልቅ ይገባል፣ ልጆች ከበው ይሞቁታል። ዘጋሁት።

ጓሮ ከሰል ስለቅም ማራገቢያው ይሰማኛል። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። ቀስ አለ። ደክሟቸው ነው፣ ይረፉ ብዬ ጆንያዬን መሙላት ቀጠልኩ። ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ። ጉሙ ውስጥ ከባህር ዛፉ የሚወርደው ጠብታ ብቻ ቀረ። ያ ዝምታ ዛሬም ያስበረግገኛል።

"ጋሼ?" አልኩ። ጆንያዬን ጥዬ ሮጥኩ።

በሩን ስከፍት ቤቱ ንጹህ ነው፤ ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ሽማግሌው እጃቸው እጀታው ላይ እንዳለ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ፊታቸው ቀልቶ ዕድሜያቸው የቀነሰ መሰለኝ። ፈገግ ያሉም መሰለኝ። "ጋሼ፣ ይንቁ እንጂ!" ብዬ ወዘወዝኳቸው። የኔም ራስ ዞረ፤ ጋዙ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ብብታቸውን ይዤ ወደ ካፊያው ጎተትኳቸው። ገላቸው ገና ሙቅ ነበር፤ ትንፋሽ ግን የላቸውም።

ጎረቤቱ፣ ያ ቤት ውስጥ ያለው ነገር በላቸው አለ። ምን ነገር! ገዳዩ ጋዝ ድሮም አይሸትም ነበር። የሚሸተው፣ እያስሳለ በር የሚያስከፍተን ቅጥራኑ ነበር፤ እሱን ደግሞ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ለቅሶው ላይ ባለቤታቸው እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ትንሽ እንኳ ቢሸታቸው ይወጡ አልነበር?"

ይወጡ ነበር።