ወላሂ፣ ብር የለኝም

የኮምፓስ ሳጥኔ የቆርቆሮ ነው። የክዳኑ ሥዕል ከተፋቀ ቆይቷል፤ ጠርዙም ዝጓል፤ ሲከፈት ግን ዛሬም ቀጭ ይላል። የገዙልኝ አክስቴ ናቸው፣ ማታ ትምህርት ያስገቡኝ ጊዜ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከገራዶ በላይ ካለው መንደራችን ወደ ኮምቦልቻ ካመጡኝ ዓመት አልሞላኝም፤ ፊደል እንኳ አልለይም። ሻጩ፣ "እናቴ፣ ይኼ ለጀማሪ አይደለም፤ ኮምፓስ የሚያስፈልገው ከፍ ላለ ክፍል ነው" ቢላቸው፣ "ትደርስበታለቻ" ብለው ከፈሉት።

ወርቁን የደበቅሁት በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው።

ጦርነቱ ደሴ የደረሰ ሰሞን ባንኮች ተዘጉ። እኔ ያኔም እንደ አሁኑ እዚያው ደሴ በአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ቤት እሠራ ነበር። አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው። የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባዬ የባንክ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ጉያዬ ከትቼ ከሕዝቡ ጋር ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግን አንድ ዳቦ ሊገዛልኝ አልቻለም። አንዲት ሴት ቀለበቷን በምራቋ አርሳ ከጣቷ አወጣችና ለአይሱዙ ሹፌር ሰጠች፤ ከነልጆቿ ተጫነች። እኔ ደብተሬን አቅፌ በእግሬ ሄድኩ። ንባብ ዘግይቶ ያገኘኝ ሰው ነኝና የተጻፈ ነገር አከብራለሁ። የዚያን ቀን ግን የተጻፈው ሁሉ ወረቀት ሆኖ ታየኝ።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ደግሞ ብሩ ራሱ መውደቅ ጀመረ። ደሞዜ ያው ነው፤ የዘይቱ ዋጋ ግን ባለሱቁን እንኳ እያሳፈረው ይናገረው ነበር። ባንክ ያለኝ ገንዘብ ዝናብ እንዳገኘው ጨው መሰለኝ። አውጥቼ ፒያሳ ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ሄድኩ።

ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲመርጥ ቀና ብለው አያዩም። ያለ ፈርጥ፣ ያለ ጌጥ፣ ዝም ብሎ ድፍን ቀለበት ስጠይቃቸው ግን ቀና አሉ።

"ለኒካ ነው?"

"አይደለም።"

"ለልጅ?"

"ልጅ የለኝም።"

"ታዲያ ማን ሊያደርገው ነው?"

"ለክፉ ቀን ነው" አልኳቸው።

"ክፉ ቀን ደግሞ ጣት አለው እንዴ?" አሉና ሚዛናቸውን ጠረጉ።

ሳቅኩ። ቀልዳቸው ግን አልለቀቀኝም፤ እውነትም ማንም የማያደርገው ወርቅ ነበር። አንድ ቀን አልለበስኩትም። በየወሩ ከአፌ እየነጠቅሁ ጨመርኩበት፤ ሥጋ ተውኩ፣ የቆየ ጫማ እያሠራሁ አዲስ መግዛት ተውኩ። ሠላሳ አንድ ግራም ደረሰ። ዘካ ከሚወጣበት ልክ ግማሹን እንኳ ሳልሞላ የዘካውን ሕግ አንብቤ ጨርሼ ነበር። እንዲህ ያለች ነኝ፤ ሕጉን ከነገሩ በፊት አውቀዋለሁ።

አክስቴ እኔ ቤት የመጡ ዕለት ከዓይን ሐኪም ነበር የወጡት። ዕድሜያቸውን በዓይናቸው የኖሩ ሴት ናቸው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ሲሠሩ፣ ያለቀለት ጨርቅ በመብራት ላይ ሲያልፍ የተበጠሰች ክር ለቅሞ ማውጣት ነበር ሥራቸው። አሁን የእኔን በር ደፍ በእግራቸው ጣት ፈልገው ገቡ።

"ግፊት ነው አሉኝ።"

"የምን ግፊት?"

"የዓይን። ዓይንም ግፊት አለው ለካ፤ እኔ የደም ብቻ ነበር የሚመስለኝ።" ተቀመጡና ሻርፓቸውን አስተካከሉ። "የቀኙ ሄዷል። የግራውን ቶሎ ቀዶ ጥገና ካደረጉት የቀረው ይተርፋል ብለዋል። የመንግሥቱ ወረፋው ረጅም ነው። የግሉ ደግሞ ያው የግል ነው።"

አክስቴ ከእኔ ገንዘብ ጠይቀው አያውቁም። ያን ቀንም አልጠየቁም። "እንደው የሚያበድር ሰው ታውቂ እንደሁ" አሉና ሻርፓቸውን እንደገና ማስተካከል ጀመሩ። ሳጥኑ ከጀርባቸው፣ ከመደርደሪያው ላይ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ኋላ ነበር። ክንዴን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ወርቅ ሠሪው በዚያው ሳምንት፣ "አሁን የሚሸጥ ሰው ሞኝ ነው" ብለውኝ ነበር። ሁለት ወር፣ ብቻ ሁለት ወር ብቆይ፣ ግማሹን ሸጬ ማሳከም፣ ግማሹን ማስቀረት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ያን ያሰብኩት እሳቸው ሻርፓቸውን አስተካክለው ሳይጨርሱ ነው። ከዚያ አፌ ተከፈተ።

"ወላሂ እታለም፣ ብር የለኝም።"

እኛ አገር ወላሂ ማለት ቀላል ነው። ቲማቲም ሻጯም ትምላለች፤ የባጃጁ ሹፌርም በመልስ ይምላል። እኔ ግን አልምልም። ከተማርኩ ጀምሮ ቃል እመዝናለሁ፤ መሐላዬንም እንደ ወርቁ ሳልነካው አስቀምጬው ነበር የኖርኩት። ያን ዕለት አወጣሁት። በዚያ ላይ ቃሉን መርጬ ነው የማልኩት። ገንዘብ የለኝም አላልኩም፤ ምንም የለኝም አላልኩም። ብር አልኩ። ቤቴ ውስጥ ከወር አስቤዛ ያለፈ ብር በእርግጥ አልነበረም፤ የነበረው ወርቅ ነው። አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከመዋሸቱ ይልቅ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ መጽናናት ነው።

"በቃ፣ አንቺ ከማልሽ አለቀ" አሉ አክስቴ። "አንቺ እኮ ስትምይ ሰምቼ አላውቅም። አስጨነቅሁሽ መሰል።" ታክሲ ተራ ስሸኛቸው ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረጉና፣ "ለካ የከሳሽው በዚህ ነው" አሉኝ። "አብሽሪ፣ አላህ ያመጣዋል።"

ወር ከግማሽ ያህል አልወረድኩም። ሥራ በዛ አልኩ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ቤታቸው ገባሁ። ኮምቦልቻ እንደ ልማዷ ትሞቃለች፤ አክስቴ በሩን ከፍተው ተቀምጠዋል። ሻይ ካልቀዳሁ አሉ። ብርጭቆውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ጣታቸውን ከአፉ ላይ አጥፈው፣ ሻዩ ጣታቸውን ሲነካ ያቆማሉ። እንዲያም ሆኖ ጠረጴዛው ረጠበ። በሻርፓቸው ጫፍ ሲጠርጉት የረጠበውን ትተው ደረቁን ጠረጉት። አየሁ፤ ያየሁትንም ከሻዩ ጋር ዋጥኩት።

"ቆይ፣ ቆይ" ብለው ተነሡ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲመለሱ መዳፋቸውን ጨብጠዋል። የእኔን መዳፍ ፈልገው ከፈቱና አንድ ከባድ፣ ክብ ነገር አስቀመጡበት። ጠገራ ነበር፤ ያ የዱሮው የብር ገንዘብ፣ ሴቶች በድሪ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረው።

"ብር የለኝም አላልሽም? ይኸው ብር!" ብለው ሳቁ። "የእናቴ ነው። የዱሮ ሰው ብር ሲል ይሄን ነው። ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱን ለዓይን ጠብታው ሸጥኩ። ይሄን አንቺ ሽጪና ሥጋ ብይበት።"

"እታለም፣ አይሆንም፤ ለዓይንዎ ያስፈልግዎታል።"

"ለዓይኔ አይበቃ። ለአንቺ ሥጋ ይበቃል። ያዢ፣ አታስምይኝ።"

ያዝኩ። እንቢ ብል ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ፤ ስለዚህ ያዝኩ። ሌላም አለ፤ ካልጻፍኩት ይህን ሁሉ መጻፌ ዋጋ የለውም። ስመለስ ሐረጎ አቀበት ላይ፣ ሚኒባሱ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ጠገራውን በመዳፌ እየመዘንኩ፣ "ብርም እኮ ሰሞኑን ዋጋው ጨምሯል" የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ማንም ሳይጠራው ነው የመጣው። ቤቴ ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ጠገራውን ከወርቁ ጎን አኖርኩ። ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

ሁለተኛው ወር አልፎ ሦስተኛው ገባ። የወርቁ ዋጋ እየወጣ ነበር፤ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ሌላ ሳምንት እጨምር ነበር። መጽሐፍ ሳነብ ዓይኔ መስመሩን ይይዛል እንጂ አያልፍም። በመጨረሻ ሰፈራችን ወዳሉ አንድ ሸህ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

"አንዲት ሴት ናት" አልኳቸው። "ወርቅ እያላት፣ ብር የለኝም ብላ ማለች። በቃሉ ካየነው ሐሰት አይደለም። ከፋራ፣ የመሐላ ካሳ፣ አለባት?"

"ያስማላት ማን ነው?"

"ማንም አላስማላትም።"

"ሰሚዋስ ምን ብላ ሰማችው?"

የሚጠርጉትን መነጽር አየሁ።

"ልጄ፣ ገበያ ላይ የሚመዝን ሻጩ ነው" አሉ ሸሁ። "መሐላን ግን የሚመዝነው ሰሚው ነው። ሰሚዋ፣ ምንም የላትም ብላ ከሰማች፣ የማለችው ምንም የለኝም ብላ ነው። ይሄ ደግሞ ድሆች አብልተው የሚወጡበት አይደለም። የያዘችውን ትመልስ፣ ከልቧ ተጸጽታ ታውባ ታድርግ።" መነጽራቸውን አጠለቁና አዩኝ። "የማለችው ሴትዮ ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አልኩ። ይቺም በቃል ከታየች ሐሰት አልነበረችም።

በማግሥቱ ፒያሳ ወረድኩ። ወርቅ ሠሪው እያንዳንዱን ቀለበት ከመፈተኛው ድንጋይ ላይ አሽተው አዩ፣ መዘኑ። "ክፉው ቀን መጣ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። መቼ እንደ መጣ ግን አልነገርኳቸውም። ከሦስት ወር በፊት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሻርፑን አስተካክሎ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣሁ አልነገርኳቸውም፤ አክስቴ የተበደርኩ መሰላቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት። "ግፊቱ ወርዷል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን እናቆየዋለን" አለኝ። ቀደም ብንል ኖሮ ብዬ ጠየቅሁት። "ቀደም ብትሉ የሚቀረው ይበዛ ነበር" አለ። ልክ እኔ የምወድደው ዓይነት ትክክለኛ መልስ ነው። አክስቴ አሁን ፊት ለፊት ያለውን፣ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያዩ ሁሉ፣ ያያሉ። ከጎን የመጣ ሰው ግን ካልተናገረ የለም።

ፋሻው የተፈታ ሰሞን ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው ኮምቦልቻ ቤታቸው ተሰበሰቡ። እኔ ከቀኛቸው ተቀምጫለሁ፤ አያዩኝም።

"ማነው ያሳከመሽ?" አለች አንዷ።

"ልጄ ናት እንጂ ማን አለኝ? ተበድራ ነው።"

"ደሞዝተኛ አይደለች? አስቀምጣ ይሆናላ" አለች ሌላዋ፣ እያሾፈች።

አክስቴ ቆጣ አሉ። "ወላሂ ብር የላትም! ከየትም ከየትም ለቃቅማ ነው።"

የእኔ መሐላ ነበር፤ ቃል ሳይቀር። አሁን በእሳቸው አፍ፣ በሰው ፊት። ወርቁን ሸጬ የጨረስኩት መስሎኝ ነበር፤ መሐላው ግን ከእኔ ቤት ወጥቶ ሰው ቤት ይዞር ነበር ለካ።

ጎረቤቶቹ እስኪወጡ ጠበቅሁ። ከዚያ ፊት ለፊታቸው፣ የሚያዩኝ ቦታ ተቀመጥኩና ጠገራውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ።

"እታለም፣ ያኔ ብር አልነበረኝም። ወርቅ ነበረኝ። የሸጥኩት እሱን ነው እንጂ አልተበደርኩም።"

"የመቼ ወርቅ?"

"ቤቴ ሲመጡም ነበር።"

ጠገራውን በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን። የተበጠሰች ክር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

"እኔ ደግሞ ሰው ፊት ማልኩብሽ" አሉ በመጨረሻ። "እንግዲህ ለከፋራው ሦስት ቀን እጾማለሁ።"

"እርስዎ ላይ የለም እታለም። እውነት መስሎዎት የማሉት አይያዝም፣ ሕጉ..."

"አንቺ ሕጉን ታውቂያለሽ" አሉኝ።

 እኔም ሕጉን አልጨረስኩትም። ልነሣ ስል ጠገራውን ወደ እኔ ዘረጉት።

"የእርስዎ ነው፤ መለስኩልዎ።"

"የሰጠሁትን አልቀበልም። ያዢው። ሁለተኛ ብር የለኝም ብለሽ እንዳትምይ።"

ቀልድ ይሁን አይሁን ፊታቸው አልነገረኝም።

ሦስቱን ቀን እሳቸው ዘንድ አደርኩ፤ እኔም ጾምኩ። ጠብታው በሰዓቱ መግባት አለበት። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርሙሷን ይዤ ቆምኩና፣ ጠብታ ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም የሚለውን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። እሳቸው ቀድመው አንጋጠው ነበር።

"ዓይን ጉሮሮ አይደለም" አሉ። "አድርጊ። የት ነሽ?"

"እዚህ ነኝ እታለም። ከቀኝዎ።"

"ወደ ፊት ነይ፤ ልይሽ።"

ወደ ፊት ሄድኩ፤ የግራ ዓይናቸውን ሽፋን በአውራ ጣቴ ገለጥኩ፤ አንድ ጠብታ።