ሲንቄ በገዛ ልጄ ደጅ

ሲንቄዬ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነው ያረጀችው። እናቴ ስትድረኝ በእጄ ያስያዘችኝ ቀጭን በትር ናት። ከብት አይነዳባትም፣ ሰው አይመታባትም። በእኛ አገር ባለትዳር ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰማች ሴት ሁሉ እሳቷን ትታ፣ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች። ሴቶቹ በበደለው ሰው ደጅ ይቀመጣሉ። ሽማግሌ መጥቶ ካሳ እስኪቆርጥ አይነሱም። በተለይ ነፍሰ ጡርንና አራስን የነካ ማምለጫ የለውም። የእኔ ትምህርት በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል ብቻ ናት፤ ይህን ሕግ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ አብሮኝ አደገ። በገዛ ልጄ ላይ ይዤያት እወጣለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ምራቴ ፈቅዳልኝ ነው። “ስም አይጥሩ እንጂ ሁሉንም ይጻፉት” ብላኛለች።

የምንኖረው ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስንዴና ገብስ በሚዘራበት ቀበሌ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ። ትልቁ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አገር ለአገር ሲዞር ኖሮ፣ አግብቶ ብዙም ሳይቆይ ታመመ። ከስቶ ከስቶ፣ ሳይመረመር ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ “ሳምባው ነው” አለ፤ እኛም “ሳምባው ነው” አልን። ሚስቱን እንደ ልማዳችን ታናሽ ወንድሙ ወረሳት። እሷን የጠየቃት የለም፤ እኔንም የጠየቀኝ የለም። ደግነቱ ተስማሙ፤ ሲሳሳቁ በአጥሩ በኩል እሰማቸው ነበር። ዓመት ሳይሞላም አረገዘች።

ለነፍሰ ጡር ክትትል ሮቤ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደሟን መረመሯትና ኤች አይ ቪ ተገኘባት። መድኃኒቱን በዚያው ቀን አስጀመሯት። በየቀኑ አንድ ፍሬ ነው። ሳታቋርጥ ከዋጠችው ልጇ ነጻ ሆኖ ሊወለድ እንደሚችል ነገሯት፤ ባልሽንም ይዘሽው ነይ አሏት። እሷ ግን ፈራች። ፍሬዎቹ እንዳይንኳኩ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቀችበትና ከገብሱ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። ልጄ ለወፍጮ እህል ሊሰፍር እጁን ሲከት አገኘው። ምን እንደሆነ ጠየቃት። አልዋሸችውም።

ዝናብ ያደረበት ማለዳ ነበር። ምራቴ እግሯ በጭቃ ተለውሶ፣ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ቤቴ ገባች። ብልቃጡን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

“አዴ፣ ገዳይ አለኝ” አለች። ልጆቼ እናትን አዴ እንደሚሉ እሷም አዴ ነው የምትለኝ። “‘ወንድሜን በላሽ፣ አሁን ተራው የእኔ ነው’ ብሎ ከነዕቃዬ አወጣኝ። መድኃኒቱንም ጭቃ ላይ ወረወረው።”

“ተከፈተ?”

“አልተከፈተም።”

“እንግዲያው ማታ እዚሁ ትውጫለሽ።”

“አይ፣ ወደ ወገኖቼ፣ ወደ ተወለድኩባት ከተማ ወደ ብድሬ ልሂድ።”

“እዚያ መድኃኒቱን ከማን ትቀበያለሽ?”

ብልቃጡን ነጠላዋ ውስጥ ቋጠረችና “እዚያ ሁሉም ያውቀኛል፤ ከጤና ጣቢያ በር ላይ መታየት አልችልም” አለች።

ነገሩ ገባኝ። ብድሬ ከሄደች መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ የሆዷ ልጅ ዕዳ ይዞ ይወለዳል። አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ። ያ ያልተወለደው የልጅ ልጄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው በአባቱ ንዴት የሚቀጣው? ተነሥቼ ወደ በሩ ጀርባ ሄድኩ።

ሲንቄዋን ስታይ ምራቴ እጄን ያዘችኝ። “አዴ፣ በአላህ ይተዉት! ሰው ከሰማ ልጄን ማን ያቅፍልኛል?”

“ስለ ሕመምሽ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም። የአንቺስ ሲንቄ የት አለች?”

“ቤት ቀረች።”

“እንግዲያው እሷንም እናመጣታለን” አልኩና ከደጅ ወጥቼ ጮህኩ።

ሴቶቹ ከየአጥሩ ወጡ። አንዷ እጇ ሊጥ እንደሆነ መጣች። ቀድማ የደረሰችው አብሮ አደጌ ናት፤ ሥራዋ እኔን መሞገት ነው።

“ማን ነው የበደለው?” አለችኝ።

“ልጄ።”

“የማን ልጅ?”

“የእኔ ልጅ አልኩሽ! ጆሮሽም አረጀ?”

“ያጠባሽውን ልጅ በሲንቄ ልታስከብቢ? ያምሻል እንዴ?”

“ያጠባሁት ነፍሰ ጡር ከቤት እንዲያወጣ አይደለም።”

“ምን አድርጋው ነው?”

“ሕጉ ምን ይላል? ነፍሰ ጡር ከቤት አትባረርም ነው የሚለው፣ ወይስ ምን አድርጋው ነው ብለሽ ጠይቂ ነው የሚለው?”

ሲንቄዋን አስተካክላ “ተነሡ እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ!” ብላ ሴቶቹን የምትነዳው እሷ ሆነች።

በልጄ ደጅ እንደ ደንቡ እርጥብ ሣር ይዘን ተቀመጥን። ላሞቹ ሳይታለቡ ቀሩ፤ ጥጆቹ ይጮኻሉ። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ “አዴ፣ አዋረድሽኝ” አለ። “ገና ነው” አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። ትልቁ ሽማግሌ ጥምጥማቸውን አስተካክለው “ለምን አስወጣሃት?” ብለው ጠየቁት። ልጄ አፉን ከፈተና እኔን አየኝ። ምን እንደሚያስብ አውቅ ነበር። ታማለች ቢል፣ ከማን ነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ያኔ የወንድሙ መቃብር ይቆፈራል፣ እሱም አንተስ ይባላል። አፉን መልሶ ዘጋው።

“ጥፋት አለባት?” አሉት ደግመው።

አንገቱን ደፍቶ “የለባትም” አለ።

ጊደር አርዶ ሴቶቹን እንዲያበላ፣ ሚስቱንም በክብር እንዲመልስ ተፈረደበት። ከዚያ ሽማግሌው እንደ ደንቡ ወደ ተበደለችው ዞረው “ልጄ፣ ልብሽ እንዲታረቅ ምን ትፈልጊያለሽ?” አሏት። ሴቶቹ ከኋላ “ቀሚስ በይ!” “ከነሻሹ በይ!” ይሏታል።

ቀኑን ሙሉ ያልተናገረችው ምራቴ ቀና አለች። “ጤና ጣቢያ ስሄድ አብሮኝ ይሂድ። እስከ ውስጥ ድረስ” አለች።

ሽማግሌው ሳቁ። “በል፣ በርካሽ አመለጥክ!”

ልጄ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። “ሁለት ጊደር ላድርገው። ይሄኛው ይቅርልኝ” አለ።

“በጋሪ ሮቤ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ጊደር?” አለች ያቺ ሞጋች። “ምነው፣ ጤና ጣቢያ ጅብ አለ?”

ሁሉም አውካካ። ከሦስታችን በቀር የተጠየቀውን ዋጋ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ሲንቄዬን መሬት ላይ ተከልኩ፤ “ያለችው ይሁን፣ ጊደር አይለውጠውም” አልኩ። ሽማግሌዎቹም እርጥብ ሣር ይዘው ፍርዱን አጸደቁት።

ከሁለት ቀን በኋላ ሦስታችን በፈረስ ጋሪ ሮቤ ገባን። ልጄ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። በክትትሉ አግዳሚ ላይ ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ወንድ እሱ ብቻ ነው። አንዷ ጎንበስ ብላ “አባወራ፣ አንተስ ስንተኛ ወርህ ነው?” አለችው። ጋቢው ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። በስንት ቀኑ ነው የሳቀው! ከዚያ ስማቸው ተጠርቶ ገቡ።

ሲወጡ እሱ እያለቀሰ ነው። ከአጥሩ ጀርባ፣ ጋሪው ወደቆመበት ወሰድኳቸው።

“ነጻ ነኝ፣ አዴ። የለብኝም።”

አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ እናት ነኝ። ደስታዬ ግን ከአፌ ሳያልቅ ምራቴን አየኋት። ነጠላዋን እስኪቀደድ ጨብጣዋለች።

“አሁን ምክንያት አገኘህ” አለችው። “ብትፈታኝ አልጮህም።”

“እኔ እጮኻለሁ!” አልኩ። ጣቴን ደረቱ ላይ ተከልኩ። “ይሄ በሽታ ከማን ቤት ወጣ? እኔ ከወለድኩት፣ አንተ ከቀበርከው። ስትወርሳት ወንድምህ የተወውን መሬት ወሰድክ፣ በሬውን ወሰድክ። ሕመሟን ለይተህ ለሷ ብቻ ተውላት ያለህ ማን ነው? ቤት የወረሰ ሰው ከነሸክሙ ነው የሚወርሰው።”

ፈረሱ አፍንጫውን ነፋ። ልጄ እንባውን በጋቢው ጠረገ።

“ነርሷ የነገረችኝን ታውቂያለሽ?” አለኝ። “መድኃኒቱን በደንብ ከዋጠች ቫይረሱ ይደክማል፣ መድኃኒቱ ለልጁም ለእኔም ጥላ ይሆናል አለችኝ። መድከሙ በምርመራ እስኪታይ ደግሞ በኮንዶም እንጠነቀቃለን። እኔም እየተመላለስኩ እመረመራለሁ።”

“እና?”

ምራቴ ጋሪው ላይ ስትወጣ እጁን ዘረጋላትና ቀስ ብሎ “የትናንት ማታውን ውጠሻል?” አላት።

“ውጫለሁ።”

“የዛሬውንስ ይዘሻል?”

ፊቴን ወደ ሳነቴ ተራራ አዞርኩ። ብስመው ደስ ባለኝ፤ ግን ገና አልማርኩትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ፣ መግሪብ እንደተሰገደ፣ በአጥሩ በኩል ድምፁን እሰማለሁ። “ላሟ ታለበች?” ይላል። “ታለበች” ትለዋለች። መድኃኒቱን ማለታቸው ነው። አንድ ምሽት ያቺ ሞጋች ጎረቤቴ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ሰማችው። “ይሄ ልጅሽ ጤና የለውም” አለችኝ። “ላማቸው ከነጠፈች ስንት ጊዜዋ! ማንን ነው የምታልበው?” እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ።

ምራቴ ጤና ጣቢያ ወለደች። ሴት ናት። ለጨቅላዋ ሽሮፕ ተሰጣት፤ ስድስት ወር ከእናቷ ጡት በቀር ምንም እንዳትቀምስ ታዘዘ። ጎረቤቴ እንደ ልማዳችን ትኩስ ቅቤ ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ቆምኩባት።

“አንቺ ራስሽ ቅቤ ልሰሽ አይደል ያደግሽው?” አለችኝ።

“ለዚህ ነው ምላሴ የማያርፈው። ቅቤውን ለእናቷ ገንፎ አድርጊው።”

የመጀመሪያውን ምርመራ ከተረከዟ ደም ወስደው ሩቅ ላቦራቶሪ ላኩት፤ መልሱ ደግ ነበር። ግን ጡት እስክትተው፣ የመጨረሻው ምርመራ እስኪታይ ድረስ አትመኑ ተባልን። ልጅቷ ዳዴ አለች፣ ቆመች፣ ሲንቄዬን ከበሩ ጀርባ እየጎተተች ትጥላት ጀመር። እኔ ግን ባቀፍኳት ቁጥር ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ጡት ከተወች በኋላ አራታችን ሄድን። በዚያን ጊዜ ሮቤ በባጃጅ ተሞልታ ነበር፤ በባጃጅ ነው የሄድነው። ልጄ የራሱንም ተመርምሮ እንደበፊቱ ነጻ ሆነ። የልጅቷን ውጤት ነርሷ ለእናቷ ነገረቻት። ምራቴ ወጥታ ልጅቷን ክንዴ ላይ አስቀመጠችና “ይቀፏት፣ አዴ። ነጻ ናት” አለችኝ።

ባጃጁ ውስጥ አፌን በነጠላዬ ይዤ ቆየሁ። ደጄ ስደርስ ግን አልቻልኩም፤ ጮህኩ።

ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ከየአጥሩ ወጡ። ያቺ ሞጋች እያለከለከች ደረሰች።

“ደግሞ ማን በደለ?”

“ማንም።”

“ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺው?”

“እልል በሉ!”

“ለምኑ?”

“ለምኑን ለእኔ ተዪው።”

ልጄን አየችው፤ ልጅቷን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ሚስቱን በሌላው እጁ ይዟል። ወደ እኔ ዞረች። ልትሞግት አፏን ስትከፍት አየኋት። ከአፏ የወጣው ግን እልልታ ነበር፤ ሴቶቹም ተቀበሏት።