ጋሽ ምትኩ እና የሰው ቤት ግድግዳ

የዘይት ቀለም ሽታ ዛሬም ያስደነግጠኛል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ በሯን ስታስቀባ ሽታው በመስኮት ገባና ሳላስበው እጄን ከጀርባዬ ደበቅሁ። ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር፣ የአስር ዓመት ልጅ ሳለሁ ቀለም የነካ ጣቴን ከእናቴ የምደብቀው እንዲያ ነበር።

ጋሽ ምትኩ የግቢያችንን የመጨረሻ ክፍል የተከራየ ቀለም ቀቢ ነበር። ስድስቱን ቀን የሀብታም ቤት ግድግዳ ይቀባል፤ አርብ ከሰዓት ደግሞ የተረፈውን ቀለም በዱቄት ወተት ጣሳ ይዞ ኒም ዛፉ ስር ይቀመጣል። ሥዕል ይሠራል ቢባልም ሥዕሉ አበባ የለው፣ ሰው የለው፣ ወንዝ የለው። ቀለም ብቻ። ቢጫውን ጣውላ ላይ በስፓቱላ ይለጥጠዋል፤ ያ የማይምር ፀሐይ ወዲያው ያደርቅለታል፤ በላዩ ሰማያዊ፣ በሰማያዊው ላይ የሸክላ ቀለም ይደርባል። ስድስት ሰባት ድርብ ሲሞላ ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ይፈገፍገዋል፤ የተቀበረው ቀለም እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ሕፃን ይፍለቀለቃል። "ሰሚራ፣ ነይ! ማን እንደመጣ እዪ!" ይለኛል፣ እንግዳ የገባ ይመስል። ሮጬ ሄጄ በጣቴ እዳብሰዋለሁ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጨዋታ ትዝ አይለኝም።

የግቢያችን ሴቶች ግን አላመኑትም። ሁሉም አል-ጣኢፍ የሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ፤ እሱ ደግሞ ባገኛቸው ቁጥር፣ "የምትሠሪበት ቤት ሳሎኑ ምን ቀለም ነው? ማድቤቱስ? መስኮቱ በየት በኩል ነው?" ይላል። እንዲህ የሚጠይቅ ወይ ሌባ ነው ወይ ጆሮ ጠቢ። ቤት ከተሰረቀ መጀመሪያ የምትያዘው ሠራተኛዋ ናት። እናቴ ደግሞ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለት ነው፣ ካበቃ ቆይቷል፤ ከተያዘች በቀጥታ ወደ ድንበር ነው። "ለዚያ ሰውዬ ስለ አሠሪዬ፣ ስለ መዳም ቤት አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ!" ብላ አስምላኛለች።

እኔ ግን ተንፍሼ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ይዛኝ ትሄድ ስለነበር ማድቤቱን አውቀዋለሁ፤ ያልበሰለ ሎሚ የመሰለ አረንጓዴ፣ ከምድጃው በላይ የዘይት ጢስ ያጠየመው። ሁሉንም ነገርኩት። "አይ፣ ትንሽ ጠቆር ይበል" እያልኩ ሦስት ጊዜ አስበጥብጬው ጣውላው ላይ አብረን ቀባነው። በላዩ ቢጫ፣ ከዚያም ቀይ ሲደርብበት እኔም እፎይ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከመዳም አጠገብ ያለ ቤት ተዘረፈ። አርብ ዕለት እናቴ ከሥራ መጥታ፣ ሻሿን እንኳ ሳትፈታ ኒሙ ስር ሄደች።

"ጋሽ ምትኩ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ከዚህ ቀለም ስር ምንድን ነው የጻፉት? የቤቶቹን ካርታ ነው?"

"ቡህያ ነው ዘይነባ፣ ቀለም ብቻ።"

"እንግዲያው ያላ፣ ይፋቁትና እንየው!"

ጋሽ ምትኩ ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ ይፈገፍግ ጀመር። ሴቶቹ ከበቡት። ቀዩ ሳሳ፣ ቢጫው ወጣ። እኔ በሆዴ "በቃ፣ እዚህ ይቁም" እላለሁ። አልቆመም። የጠየመው አረንጓዴ ብቅ አለ።

እናቴ መጀመሪያ ጣውላውን፣ ቀጥላ እኔን አየች። ጥፊዋን ስጠብቅ ተንበርክካ ጣቷን አረንጓዴው ላይ አሳረፈች። "ይሄማ የኔ ግድግዳ ነው" አለች። "ስድስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተገትሮ የሚውለው። ወላሂ፣ ምን እያየሽ ትውያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።" ከዚያ ወደ ውጭው በር ዞር ብላ አየችና ድምጿን ቀነሰች። "አሁን ይሸፍኑት። ሰው ሳያየው።"

በእጁ የቀረው ነጭ ብቻ ነበር። ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ቀባው። በሳምንቱ ክፍሉን ለቀቀ፤ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ገባ ሲሉ ሰማሁ። አልተሰናበተንም፤ ጣውላውን ግን በራችን ላይ አስደግፎልን ሄደ። የገዛ ሥራውን በገዛ እጁ ማስፋቃችን እስካሁን ያሳፍረኛል።

ጣውላው ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ባዶ ነጭ ጣውላ ምን ያደርግልሻል ይለኛል። ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ጫፉን ልፈገፍግ ስል፣ እናቴ ከተቀመጠችበት "ተዪው! ሌባው እኮ አልተያዘም" ብላ ትቆጣኛለች። ወረቀቱን ሳስቀምጥ ደግሞ ወንበሯን ወደ ነጩ ጣውላ ታዞርና ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች።