ዝዋይ ዝም ያለ ጊዜ

ትናንት ከሰዓት ልጄ የዝናብ መረጃ የሚቀመጥበትን ፋይል ኮምፒውተሯ ላይ እያሳየችኝ ነበር። «ቁጥሩ ካልተለወጠ ደጋግሞ አይጽፈውም እማዬ፣ ጨምቆ ነው የሚይዘው። የቀኑ ረድፍ ደግሞ ወሰን የለውም፤ ቀን በመጣ ቁጥር ይረዝማል» አለችኝ።

እኔ ግን ሐሳቤ ናዝሬት ገባ...

በደርግ ጊዜ እዚያ አንድ የውሃ ጥናት ቢሮ እሠራ ነበር። ከየጣቢያው የሚነገረኝን የውሃ ከፍታ በሬዲዮ ተቀብዬ ሰፊ ወረቀት ላይ እሞላለሁ። ወረቀቱ ሲያልቅ ከሥሩ ሌላ እለጥፋለሁ። ግድግዳውን ጨርሶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ዝዋይ ሐይቅ ዳር የሚለኩልን አቶ ቱፋ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የሬዲዮአቸው ባትሪ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ተስማማን፤ ውሃው ከተለወጠ ይጠሩኛል፣ ካልተለወጠ ዝም። ዝም ካሉ የትናንቱን ቁጥር እደግማለሁ።

አንድ ክረምት ዝምታቸው በዛ። ናዝሬት ላይ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ እኔ ዝዋይን «ያው ነው» እያልኩ እሞላለሁ። ይሄ ሁሉ ውሃ የት ገባ?

አለቃዬን ጠየቅኳቸው።

«ዝም ካሉ ያው ነው ማለት ነው። ስምምነታችሁ እንደዚያ አይደል?»

«ሬዲዮው ተበላሽቶ ቢሆንስ? ...እሳቸውስ ደህና ባይሆኑ?»

አለቃዬ መሳቢያቸውን ከፍተው የአውቶቡስ ገንዘብ ሰጡኝ።

በነጋታው አውቶቡስ ተሳፍሬ ዝዋይ ወረድኩ። አቶ ቱፋን ወባ ጥሏቸዋል። ብርድ ልብስ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ፣ ጎረቤታቸው ውሃ ታጠጣቸዋለች። በጋሪ ጭነን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ከዚያ ሐይቁ ዳር ሄጄ መለኪያውን አየሁት... ውሃው እኔ ከጻፍኩት በጣም ከፍ ብሏል።

ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሼ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ ትኩሳቱ በረድ ብሎላቸው ወደኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ እኔ ተኝቼ የከረምኩበትን ምን ብለሽ ሞላሽው?»

«ያው ነው ብዬ...»

ቀስ ብለው ሳቁ። «እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ አንቺ ዘንድ ያው ነው?»

ናዝሬት ተመልሼ የእነዚያን ቀናት ቁጥር ሰረዝኩና «አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ። ስምምነቱንም ቀየርነው። አቶ ቱፋ ድነው ሥራ ከገቡ በኋላ፣ ውሃው ባይለወጥም በየጠዋቱ ድምፃቸው ይመጣል።

«ናን ጂራ... አለሁ።»

ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።